ኃላፊውን በቢሲሲ

አንደኛ ዓመት ላይ የክፍል ተጠሪ ሆኜ ስመረጥ የመጀመሪያው ከባድ ሥራዬ ከሱሉልታ የምትመላለስ የክፍላችን ልጅ ጉዳይ ነበር። የተሳፈረችበት ሚኒባስ እንጦጦ ላይ ተበላሽቶ የአጋማሽ ፈተና አመለጣት። ድጋሚ ካልተፈተነች ትምህርቱን ትወድቃለች። መምህሩን በአካል ስንጠይቃቸው "በኢሜይል ጻፉልኝ፣ አየዋለሁ" አሉን። እኔ ግን አላመንኳቸውም። አልደረሰኝም ቢሉስ?

ሰበታ ቤታችን ሆኜ ስጽፍ አባቴ ከጀርባዬ ቆሞ ያነባል። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቷል። የትምህርት ክፍል ኃላፊውን አድራሻ ሲሲ ላይ ሳስገባ አስቆመኝ።

"ይሄ ግልባጭ ነው?"

"አዎ፣ ኃላፊውም እንዲያውቁት ነው።"

"እኛ ጋ ለአለቃ ግልባጭ ማድረግ ክስ ነው። ሰውየው ደብዳቤውን ከማንበቡ በፊት ግርጌውን ነው የሚያየው።"

"ካላደረግኩ ደግሞ አልደረሰኝም ይሉኛል።"

"እሱንም ይላሉ" ብሎ ሳቀ።

ሁለቱንም የሚያስታርቅ መስሎኝ ኃላፊውን ቢሲሲ ውስጥ ከተትኳቸው። እዚያ የገባ ሰው ለሌላው ተቀባይ አይታይም። መምህሩ አይከፋቸውም፣ እኔም ምስክር አለኝ።

ሦስት ቀን መልስ ጠፋ። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት "ማል ጄዴ? ምን አሉ?" ትለኛለች። በአራተኛው ቀን ጥያቄዋ ተቀየረ።

"ግን ልከሻል? ወይስ ለራስሽ ውጤት ፈራሽ?"

ስልኬን አውጥቼ የላክሁትን አሳየኋት። ዝቅ ብላ አየችና "እኚህን ለምን ደበቅሻቸው?" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው "ጥያቄው ተገቢ ይመስለኛል፤ ቢታይላት" ብለው ጻፉ። ለሁሉም መልስ የሚለውን ነክተው ኖሮ ጽሑፉ ለመምህሩም ደረሰ።

በማግስቱ መምህሩ ኮሪደር ላይ ጠሩኝ።

"ከኃላፊው ጋር ትጻጻፊያለሽ እንዴ?"

"አይ መምህር፣ እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።"

"ፊት ለፊት ብታደርጊው ትንሽ ይከፋኝ ነበር። አሁን ግን እስከ ዛሬ የላክሽልኝን ሁሉ ማን ማን አብሮ እንዳነበበው ሳስብ ነው ያደርኩት። ፈተናው ሐሙስ ነው። እሳቸው ሳይጽፉ በፊት ነው ያዘጋጀሁት። ታምኚኛለሽ?"

"አዎ" አልኩ። አላመንኳቸውም ነበር።

ሐሙስ ልጅቷ ተፈትና ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። ውጭ ስጠብቃት አጠገቤ ተቀመጠችና፣ የፈተናው ወረቀት አናት ላይ "የተዘጋጀበት" ተብሎ የታተመው ቀን እኔ ኢሜይሉን የላክሁበት ማግስት መሆኑን ነገረችኝ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ኢሜይል ጀመርኩ። አድራሻቸውን ብቻ አስገብቼ ሁለት መስመር እንደጻፍኩ ተውኩት። ከእሳቸው ሌላ ማንም እንዳላነበበው በምን ያውቃሉ? ተነሥቼ ቢሯቸው ሄድኩ።