በጃዊ መንገድ፣ ከአባቴ ጀርባ

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ላይ ካፊያ ይዞኝ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠግቼ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ሞተረኛ መጥቶ አጠገቤ ተጠለለ። ከረጠበው ካፖርቱ የአቧራና የቤንዚን ሽታ መጣ። ይገርምሻል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ከዚያ በረንዳ አልተንቀሳቀስኩም። አባቴ የሚሸተው እንዲህ ነበር።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እናቴ ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም። አባቴ የከብት ሐኪም ስለነበር ክትባት ይዞ በወጣ ቁጥር ሳምንትም አሥራ አምስት ቀንም ገጠር ይቆያል። እኔ ዳንግላ ከተከራየናት ቤት ብቻዬን አድራለሁ። ጎረቤቶቻችን ሴት ልጅ ብቻዋን ትቶ መሄድ ምን የሚሉት ነው እያሉ ወቀሱት፤ እውነታቸውንም ነበር። እሱም ጃዊ ቆላ ወደምትኖረው የእናቴ እህት ሊወስደኝ ቆረጠ። የነገረኝ በምንሄድበት ጠዋት፣ ልብሴን ጠቅልሎ ከሞተሩ ኋላ ሲያስር ነው። «አክስትሽ ጋ ትሰነብቻለሽ» አለኝ። መሰንበት ስንት ቀን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ዩኒፎርሜንና ደብተሮቼን አብሮ ሲጠቀልል አይቻለሁ።

እሱ ጓዜን አስሮ እስኪጨርስ ግን እንዳይተወኝ የምነግረውን አዘጋጀሁ። ሽሮ መሥራት እችላለሁ። በሩን ከውስጥ መቀርቀር እችላለሁ። ጨለማ አልፈራም፤ ይህኛው እንኳ ውሸት ነው። ሞተር ላይ ሆኖ ማውራት ስለማይቻል ስንቆም እነግረዋለሁ አልኩ።

መቆማችን አያጠራጥርም። አባቴ እንደ አገሩ ሰው በፈረስ ያደገ ነውና ሞተሩንም የሚይዘው እንደ ፈረስ ነበር። አቀበት ሲመጣ ያጠፋዋል፤ ይወርዳል፤ እኔንም ያወርደኛል፤ ከዚያ መሪውን ይዞ እየገፋ ዳገቱን ይወጣል። አናቱ ላይ ጥላ ፈልጎ ያቆመውና ጎኑን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ገብስ አብልተኸዋል ወይ እያሉ ይቀልዱበት ነበር። መካኒኩ ዳገት የሚወጣው ሞተሩ እንጂ አንተ አይደለህም ብሎ ቢመክረውም አልሰማም። «የማያርፍ ነገር ሩቅ አይሄድም» ይል ነበር።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ መናገር አልቻልኩም። ሁለተኛው ላይ አፌን ልከፍት ስል አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን እየሳቡ ደረሱ። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሳቸው፤ ቆመውም በአገውኛ ብዙ አወሩ። እናቴ አገውኛ ስለማትችል እኛ ቤት የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነበር፤ አንድም ቃል አልገባኝም። ሽማግሌው በመሀል ዞረው አዩኝና እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። ምን አሉህ ብዬ አባቴን ስጠይቀው፣ ስለ መንገዱ ነው አለኝ። ለመንገድ የሰው ራስ አይዳሰስም። ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ ያልነገረኝን ለማያውቃቸው ሰው ነግሯል።

ሦስተኛው ላይ ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ። እሱ ራሱ አልበላም፤ የታችኛውን አገር ቁልቁል ያይ ነበር። ጭጋጉ ከበታቻችን ሲገለጥ ሰው የማይታይበት፣ ጭስ የማይወጣበት ዱር ብቻ ነው።

«እናትሽ ይህን መንገድ አትወደውም ነበር» አለ።

እናቴን ከቀበርናት ወዲህ ስሟን ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው። አሁን ብናገር አለቅሳለሁ፣ እሱም ያለቅሳል ብዬ ዳቦውን አላመጥኩ። በሚቀጥለው ዳገት አልኩ።

የሚቀጥለው ዳገት አልነበረም። ቁልቁለቱን ጨርሰን ቆላ ገባን፤ ቆላ ደግሞ ሜዳ ነው። ሙቀቱ ከመሬቱ ይነሳል፤ የተቃጠለ ሣር ይሸታል፤ ከዛፍና ከሸንበቆ በቀር ሌላ ምንም የለም። ፈረሱ ስላልደከመ አባቴም አልቆመም። አንድ ጊዜ ጀርባውን በጡጫዬ መታ መታ አደረግኩት። መውደቅ የፈራሁ መስሎት አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ እጆቼን ወገቡ ላይ አጥብቆ ያዘልኝ። ፊቴን ካፖርቱ ላይ ለጥፌ አለቀስኩ። እንዲህ ተጠግቼው እያለሁ እንደዚያን ሰዓት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ ሰሊጥ የምታርስ ሴት ነበረች። እግሬን አጥባ፣ አብልታ አስተኛችኝ። በማግስቱ አባቴ ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ ብሎኝ ሄደ። ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት፤ ያን ሁሉ ያዘጋጀሁትን አንዱንም አልነገርኩትም።

ክረምቱ ወጣ፤ አልመጣም። የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ መንገዱ እሮጥ ነበር። ያኔ እዚያ ኔትወርክ የለም፤ ወደ ደጋ በሚወጣ ሰው ደብዳቤ ላክሁ፣ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። አንድ ቀን ሞተር ሰምቼ ሳልሮጥ ቀረሁ። ሌላም ቀን እንዲሁ። አክስቴን እቴቴ ማለት ጀመርኩ።

የመጣው በሁለተኛው ክረምት ማግስት ነው። ሰሊጥ እያጨድን ነበር። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ፊቱ ግን እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ወደ ቢሮ ሥራ ተዛውሬ እንጅባራ ቤት ተከራይቻለሁ አለ።

«አልጋም ገዝቼልሻለሁ። ነይ፣ ልብስሽን ያዢ።»

የአክስቴ ማጭድ ቆመ። ማናችንንም አላየችም።

«እቴቴ ብቻዋን ናት» አልኩት።

ልቀጣው ፈልጌ አልነበረም ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። አሁን ግን ልንገርሽ፣ ትንሽ ፈልጌ ነበር። እሱ አልተቆጣም፤ አልለመነኝምም። «እሺ» አለ፣ የቀረበለትን ውሃ ጠጣ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ልሂድ ብሎ ተነሳ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለበዓል ስኳርና ደብተር ይዞልኝ ይመጣ ነበር፤ ነይ ግን ብሎኝ አያውቅም። እኔም ልምጣ አላልኩትም።

እንጅባራ የተከራየው ቤት መጀመሪያ የገባሁት አባቴን ቀብረን ስንመለስ ነው። ከጓዳው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክፍል አከራይዋ ከፈቱልኝ፤ እዚህ ማንንም አያስተኛም ነበር አሉኝ። አልጋው ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚበቃ ነው። የስፖንጁ ፍራሽ ከሱቅ የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። ጫፉ ላይ ስቀመጥ ተንኮሻኮሸ።