የሳምንቱ ዋስ

ልጄ ብሌን ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችው ቅጽ ሦስት ገጽ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ፈርሜ ልመልሰው አልቻልኩም። የቀስት ክበብ ልትገባ ነው። አሠልጣኙ ጥንቁቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው ከፊት ካለ ቀስት አይሳብም፣ ፍላጻ ሊለቅም የሄደ ሳይመለስ ማንም አይወረውርም፣ አባል አባልን አይሳደብም፣ ክበቡም ለአባላቱ የጉዳት ኢንሹራንስ ገብቷል እያለ አንድ በአንድ ዘርዝሮታል። እየሳቅኩ ነበር የማነበው፤ ይህን ሁሉማ እኛ ከአርባ ዓመት በፊት በሸሚዝ ካርቶን ላይ ጽፈነዋል። ሳቄ የቆመው የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ነው፤ «ልጁ በሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ሙሉ ስም» ይላል፣ ከጎኑ ባዶ መስመር። ስም መጻፍ ምን ያቅታል ትሉ ይሆናል። እኔን አቃተኝ።

ያደግኩት መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ በስተጀርባ፣ በሁለት መጋዘኖች መሃል ባለች ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የብረት በር። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ያ በር ደግሞ በእኛ በልጆቹ ላይ ይዘጋል፤ ወላጆቻችን ነጋዴዎች ናቸው፣ ውሏቸው ሱቅ ነው፣ ውጭ መኪና አለ፣ ጆንያ ተሸክሞ «ዞር በሉ» እያለ የሚሮጥ ኩሊ አለ። ስለዚህ ሰባት ልጆች ከጠዋት እስከ ማታ እዚያች ግቢ ውስጥ ታጉረን እንውላለን። የኮረሪማው ሽታ፣ የአዲስ አቡጀዲ ሽታ፣ የሻጮቹ ጩኸት፣ ሁሉም ግንቡን ዘሎ ይገባል፤ መውጣት የማንችለው እኛ ብቻ ነን። እስከዛሬ ሊፍት ውስጥ ስገባ ያች ግቢ ትመጣብኛለች።

ማኅበሩን የመሠረተችው ሰዓዳ ናት። የጋሼ ሁሴን ልጅ ናት፤ አባቷ ከወሎ መጥተው እዚያው ከመስጊዱ ፊት ለፊት ጨርቅ ይነግዳሉ። ከእኔ በስድስት ወር ትበልጣለች፣ በዚህችው ስድስት ወር ደግሞ ስትመካብኝ ኖራለች። በክረምት መርካቶ ውስጥ የተሰበረ ጃንጥላ ሞልቷል፤ ሽቦውን ነቅለን ፍላጻ አደረግነው፣ ከቅርጫት ሠሪዎቹ የተረፈውን ቀርከሃ አጉብጠን በሲባጎ ወጥረን ቀስት አደረግነው። ኢላማችን አንድ ቦታ አልነበረም፤ አንዱ ካርቶን ቧንቧው ላይ፣ አንዱ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣ አንዱ የመጋዘኑ ግንብ ላይ፣ እኛም አዳኝ ነን ብለን ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞርን እንወረውራለን፣ ጫካችን ያችው ግቢ ናት። ደንቡን የጻፈችውም ሰዓዳ ናት። ከክፍላችን እንደ እሷ ያለ የእጅ ጽሕፈት ያለው አልነበረም፣ መምህሮቻችን ሳይቀሩ ሰሌዳ ላይ ያስጽፏት ነበር። «ድመት ኢላማ አይደለችም» የሚል አንቀጽ ነበረው። «የአባልን እናት የሰደበ ሁለት ፍላጻ ይቀጣል» የሚልም ነበረው፣ በዚህ አንቀጽ የተነሳ እኔ የክረምቱን እኩሌታ ያለ ፍላጻ ነው ያሳለፍኩት።

የጉዳቱ ነገር ግን አስቸገረን። ፍላጻ አንሶላ ይበሳል፣ ማሰሮ ይሰብራል፣ ክስ ሲመጣ ሁላችንም እንገረፋለን። የግቢያችን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ እቁብተኞች ነበሩ፤ በየተራ መድረስ የሚባለውን ነገር ጡት ሳንጥል ነው ያወቅነው። እናም ሰዓዳ መላ ዘየደች፤ ለእነሱ እቁቡ በዕጣ እንደሚደርስ ለእኛ ደግሞ ጥፋቱ በዕጣ ይድረሰን አለች። ሰኞ ሰኞ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው የሳምንቱ ዋስ ይሆናል፤ በዚያ ሳምንት ማንም ይወርውር ማን፣ የጠፋው ሁሉ የዋሱ ነው። «እኔ ነኝ» ይላል፣ ይቆነጠጣል፣ አለቀ። ከዋሱ ሌላ አፉን የከፈተ አባል ለዘላለም ይባረራል። ስድስታችን ያለ ፍርሃት እንወረውራለን፣ አንዱ ብቻ ሲጨነቅ ይሰነብታል። የቸገረው እቁብተኛ ተራ እንደሚለምን ሁሉ፣ ተራ መለዋወጥም ይፈቀድ ነበር።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ዕጣው ለእኔ ወጣ። አባቴ ጎጃሜ ነው፣ በርበሬ ነጋዴ፣ ቁጣውም ከሚሸጠው አያንስም። ይህ ዕጣ ሳይጀመር በሰበርኩት አንድ ማሰሮ የተነሳ «ሌላ አንድ ክስ ይምጣና አያትሽ ዘንድ ጎጃም ነው የምልክሽ፣ ትምህርትሽም እዚያው ይቀራል» ብሎ ምሎብኛል። አባቴ ደግሞ ከማለ አይመለስም። ማክሰኞ ጠዋት ቧንቧው አጠገብ ሰዓዳን አገኘኋትና አለቀስኩባት። ልብስ እያጠበች ነበር፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ስጪኝ ተራሽን» አለች፤ «የኔ አባባ እንደሁ አይመታም። የኔ ሲደርስ ትመልሽልኛለሽ።» እኔም በደስታ ዘለልኩ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ ጋብ አለ። ዓርብ የጁምዓ ሰጋጁ መስጊዱን ሞልቶ መንገዱንም ይሞላዋል፤ ምንጣፉ እስከ በራችን ድረስ ይነጠፋል፣ ሰላት እስኪያልቅ በሩ አይከፈትም፣ በሚሰግድ ሰው መሃል ማን ያልፋል። ግቢው ውስጥ የነበርነው እኛና ጋሼ ታደሰ ብቻ ነን። ጋሼ ታደሰ በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናቸውን ሲያንቀሳቅሱ የሚውሉ፣ ለአሻንጉሊታችን ቁርጥራጭ ጨርቅ የማይነፍጉን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰው ከፊት ካለ ቀስት አይሳብም የሚለውን አንቀጽ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን ገመዱ ላይ የተሰቀለው ካርቶን በነፋስ እየዞረ አናደደኝ፣ እልህ ያዘኝ፣ ደግሞም ዋስ አለልኝ። ወረወርኩ። ፍላጻው ካርቶኑን ጨርፎ አለፈና ጋሼ ታደሰ ከዓይናቸው ሥር፣ ጉንጫቸው ላይ ተሰካባቸው።

አልጮኹም። እስከዛሬ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ውጭ ሰው ሰላት ላይ ነው ብለው ጩኸታቸውን ዋጡት። ሽቦውን ነቅለው፣ የሚሰፉትን ሸሚዝ ጉንጫቸው ላይ ይዘው፣ ግንቡን ተደግፈው ቁጭ አሉና ቀስ ብለው «ማን ነው?» አሉ። ሰዓዳ ወደ ፊት ወጣች። «እኔ ነኝ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ሐኪም ቤት እንዳይሄዱ በሩ ዝግ ነው። ከበሩ ማዶ የኢማሙ ድምፅ ይመጣል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጎንበስ ቀና ሲል የልብሱ ኮሽታ ይሰማል፣ ከዚያ ሕዝብ መሃል አንዱ ጋሼ ሁሴን ናቸው። ግማሽ ሰዓት ይሁን ከዚያ በላይ አላውቅም፤ ሸሚዙ እየቀላ፣ እኔ ቀስቱን ከኋላዬ ደብቄ፣ ሲባጎው ጣቴን እየቆረጠኝ ቆምኩ። ለመናገር ያ ሁሉ ጊዜ ነበረኝ። አፌን ልከፍት ስል ሰዓዳ በዓይኗ ትመልሰኛለች፣ እኔም ደንብ ነው እያልኩ መልሼ እዘጋዋለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ አፌን የዘጋው ጎጃም ነው። ደንቡ መደበቂያ ሆነልኝ እንጂ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የገቡት ጋሼ ሁሴን ነበሩ፣ መስገጃቸውን በብብታቸው ይዘው። ሰዓዳ «እኔ ነኝ» ብላ ለእሳቸውም ደገመችላቸው። እንዳለችው አልመቷትም። ቢመቷት ይሻል ነበር። የጋሼ ታደሰ ዓይን ተርፎ ጠባሳው ብቻ ቀረ፣ ስፌታቸውም ላይ ተመለሱ፣ ልጅቷን ማሩልኝ ብለውም ለመኑ። ጋሼ ሁሴንን ግን ልጄ የጎረቤት ዓይን ልታጠፋ ነበር የሚለው ሐፍረት አልለቀቃቸውም፤ «ትንሽ አያቷ ጋ ትቆይ» ብለው ወሎ ላኳት። ትንሽ ማለት እስከ መስከረም ነው ተባለ። መስከረም ጠባ፣ ትምህርት ተከፈተ፣ ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ገባሁ፤ እሷ እዚያው ቀረች፣ እዚያው ተዳረች። ጋሼ ሁሴን ባገኙኝ ቁጥር ጉንጬን ነካ አድርገው «አንቺስ ጨዋ ነሽ» ይሉኝ ነበር። ይህን ቃል እስኪሞቱ ድረስ አልተዉልኝም።

አምና አብነት ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ከኋላዬ «ሙሉ! አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ብሎ በስሜ የሚጠራኝ ድምፅ ሰማሁ። ሰዓዳ ናት፣ እዚህ የሚሠራ ልጇን ልትጠይቅ መጥታ። ተቃቅፈን አለቀስን፣ ሳቅን፣ በስድስት ወር እንደምትበልጠኝም አስታወሰችኝ። ስልክ ስንለዋወጥ ስልኳን እጄ ላይ አስቀመጠችና «አንቺው ጻፊልኝ፣ እኔስ ጽሕፈት ትቼዋለሁ» አለች። ያ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ እጅ። አልቻልኩም፤ ሰዓዳ፣ ያን ቀን የወረወርኩት እኔ ነኝ፣ ተራውም የኔ ነበር፣ ሳልመልስልሽ ኖርኩ፣ አልኳት ሰው ሁሉ እየሰማ። ፈገግ አለች፣ በክፋት አይደለም። «ለእኔማ ምን ትነግሪኛለሽ» አለች፤ «እኔ አውቀው የለ። ለአባባ ነበር መንገር።» ከዚያ ታክሲዋ መጣ።

ግቢያችን ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፣ የብረት በሩም የለም። ጋሼ ታደሰም የሉም። እኔ ግን ከዚያች ግቢ የወጣሁ አይመስለኝም፤ ዓርብ ቀን የአንዋር መስጊድ አዛን በሰማሁ ቁጥር ሲባጎው ጣቴን ይቆርጠኛል። ዛሬ ጠዋት ብሌን ቁርሷን እየበላች ቅጹ የሚመለሰው ዛሬ ነው ብላ ጨቀጨቀችኝ። «እማዬ፣ ኢንሹራንስ አለው እኮ፣ ምን ያስፈራሻል?» አለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ምንም ሳላስቀር። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ሰማችኝና «ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ዋስ ነበረኝ» አልኳትና ባዶው መስመር ላይ ስሜን ጻፍኩ።