ባዶ የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ጥያቄዎች

አዲስ የተቀረጸ የተማሪ እርሳስ ሽታ ያናድደኛል። የአናጺ እርሳስ አይደለም፤ እሱ ዕድሜዬን ሙሉ ከጆሮዬ ላይ ወርዶ አያውቅም። እኔ የምለው ያንን ቀጭኑን፣ ጫፉ ላይ ላጲስ ያለውን፣ ፈተና በደረሰ ቁጥር በየሱቁ የሚሸጠውን ነው። ባለፈው ሳምንት ሶዶ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የልጅ ልጄ ከአጠገቤ እርሳሷን ስትቀርጽ ሽታው አፍንጫዬ ገባ። የክልሉን የሒሳብ ፈተና ልትፈተን ነው። ጭኗ ላይ ከትምህርት ቤት የተሰጣት የናሙና ወረቀት ነበር።

«አያቴ፣ ዘንድሮ ተቀይሯል እኮ» አለችኝ። «መምረጥ ብቻ አይበቃም። እንዴት እንደሠራነው ማሳየት አለብን። አሠራሩም ነጥብ አለው።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ለአሠራር ሰፊ ቦታ ተትቷል። ተነስቼ ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አሁን አላስታውሰውም፤ መንገድ ላይ ሰው የሚጠብቅ ባለ ባጃጅ አንገቱን አውጥቶ እስኪያየኝ ድረስ ግን ጮኼ ነበር።

«ጥሩ ነገር እኮ ነው፣ አያቴ» አለች ልጅቷ ደንግጣ።

ጥሩ መሆኑን እኔ አጥቼው ነው? ፈተና የሚያወጡት ሰዎች ሳይወለዱ በፊት አውቀዋለሁ! ያቃጠለኝ መዘግየቱ ነው። ይህ ነገር የዘገየበት ሰው አለ። ስማኝማ፣ ልንገርህ።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ከሲሚንቶ ከረጢትና ከቆርቆሮ ማሸጊያ ላይ ነው። ዛሬ ሶዶ ውስጥ እኔ ለክቼ የቆረጥኩትን ጣሪያ ልቁጠርልህ ብል አይመሽብኝም? ይመሻል። መሐንዲሶቹ በካልኩሌተር የሚደርሱበትን እኔ ጣውላ ላይ በምስማር ጭሬ እቀድማቸዋለሁ። ሲጠሩኝም «ባለ ምስማሩ» ነው የሚሉኝ፤ ይጥሩኝ።

ሒሳብን ያስተማረኝ ቅርጫ ነው። ያኔ የምንኖረው ከሶዶ ወጣ ብሎ ከዳሞታ ተራራ ሥር ነበር። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ጎረቤት ተሰብስቦ በሬ ያርዳል፤ ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ይደረደራል። ትኩስ ሥጋና እርጥብ የእንሰት ቅጠል አብረው ሲሸቱ ምን እንደሚመስል ያላደገበት ሰው አያውቀውም። ሚዛን የሚባል የለም። የሚደለድሉት ሽማግሌ ከጎድኑም፣ ከሻኛውም፣ ከጉበቱም ለየመደቡ ያዳርሳሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሱና መደቡን አንድ በአንድ ከፍ እያደረጉ ከፊተኛው ጋር ያስተያዩታል። ቅርጫ የገባ ሰው ሁሉ «እኩል ነው» ሳይል እጣ አይጣልም። ከዚያ በፊት ሥጋ የነካ ሌባ ነው፤ ኋላ ለእሱው የሚደርሰውን መደብ ቢነካ እንኳ ሌባ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ ሽማግሌው ታመሙና እኔ ደለደልኩ። አሥራ ሁለት ቤት፣ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ለመኩራራት አይደለም የምነግርህ፤ እውነት ስለሆነ ነው። ደግሞም እኮራለሁ።

እህቴ በአራት ዓመት ታንሰኛለች። አባታችን እኔን ለጣውላ ሥራ ሲሰጡኝ እሷን ትምህርት ቤት አስገቧት። የእሷን መጽሐፍ ሁልጊዜ ከእሷ ቀድሜ የምጨርሰው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጬ እዘረጋላትና ሁለታችንም እሾህ ይዘን በጀርባው ላይ እንሠራለን። እሾሁ የሄደበት መጀመሪያ ነጭ ይሆናል፣ ጥቂት ቆይቶ ይጠቁራል፣ የቅጠሉ ጭማቂ ጣት ላይ ይደርቃል። እንደ ቅርጫው ነው ያስተማርኳት። ያካፈልሽውን መልሰሽ አባዢው። የቀነስሽውን መልሰሽ ደምሪው። እኩል ነው ሳትዪ ወደሚቀጥለው አትሂጂ። «ሳይሠሩ መልስ መጻፍ ሳይደለደል ሥጋ ማንሳት ነው» እላት ነበር። ትስቅብኛለች፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳታረጋግጥ አላለፈችም። ከእኔ ትበልጥ ነበር። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ከቤሌ ሽማግሌዎች መጡ። አባታችን ቆጮ አቅርበው፣ በደንብ አስተናግደው፣ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጧቸው። «ፈተናውን ካለፈች ሶዶ ገብታ ትማራለች። ከወደቀች የእናንተ ናት።» እህቴ ከጓዳ ሆና ሰማች። ወጥታ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ታ ኢሻ፣ አልወድቅም።» ታ ኢሻ በእኛ ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያኔ ለክፍለ ሀገሩ ተማሪ በሙሉ አንድ ዓይነት ነበር። ሒሳቡ እስከዚያ ዓመት አሠራሩ ተጽፎ በመምህራን እጅ ነበር የሚታረመው። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የእህቴ መምህር የምሠራበት ጣውላ ቤት ድረስ መጡ። ጫማቸው የመጋዝ ብናኝ እንዳይለብስ ጣውላ ላይ ቆሙና፣

«ስማ፣ ፈተናው ተቀይሯል» አሉኝ። «ከአራት መልስ አንዱን መምረጥ ነው። ሃምሳ ጥያቄ፣ ጊዜው አጭር። እህትህ አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ነው የምትሠራው። ተይው በላት። ያልደረሰችበትን በግምት ታጥቁር፤ በስህተት የሚቀነስ ነጥብ የለም።»

«መምህር፣ እኔ ለእህቴ ቁማር አላስተምርም» አልኳቸው።

«ቁማር አይደለም፣ ፈተና ነው!»

«ሥራ የሚያውቅ ሰው ምን ይፈራል? ይልቅ ክፍልዎ ውስጥ ያሉትን ሰነፎች ያስገምቱ።»

ጣውላ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም በራሴ አነጋገር ደስ አለኝ። መምህሩ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ማታ ቤት ስገባ ለእህቴ አልነገርኳትም። በማግስቱም አልነገርኳትም። ቅዳሜ ቅጠሉን ዘርግተን እንደ ወትሮው መልሰን እያባዛን ዋልን።

የፈተናው ቀን የሰኔ ዝናብ ወረደ። እኔ ሥራ ትቼ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆምኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ሌላ ድምፅ አይሰማም ነበር። ደወል ሲደወል መጀመሪያ የወጣው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ እየዘለለ መጣ። «የማውቃትን አጠቆርኩ፣ ቀሪውን ከላይ እስከ ታች ‹ሲ› አልኩት! ሲ ቆንጆ ፊደል ናት!» አለኝ። እህቴ መጨረሻ ወጣች። የጥያቄውን ወረቀት እንዲወስዱ ተፈቅዶላቸው ስለነበር እንዳይረጥብ በሻሽዋ ጠቅልላ ይዛዋለች።

«ሠላሳ አንዱን ሠርቻለሁ» አለችኝ። «ሁሉንም አረጋግጫለሁ።»

«ቀሪውስ?»

«አልደረስኩበትም። ባዶ ተውኩት።»

ምን አልኳት መሰለህ? «ጎበዝ!» አልኳት። ዝናብ ውስጥ ቆሜ፣ አፌን ሞልቼ፣ ጎበዝ አልኳት።

ውጤቱ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ የጎረቤታችን ልጅ ስም ነበር፤ የእሷ አልነበረም። በሌላው ትምህርት ሁሉ አልፋለች፤ ሒሳቡ ጎትቶ ጣላት። ሒሳቡ! ያንን ወረቀት ይዤ መምህሩ ቤት ሄድኩ። በየጥያቄው ጠርዝ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሠራችውን አንድ በአንድ አየነው። ሠላሳ አንዱም ልክ ነበር። አንድ ስህተት የለም። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ‹ነግሬህ ነበር› ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ወረቀቱን ከሠራተኛው ፊት ዘረጋሁት።

«ሥራዋን እይልኝ!»

«ወንድም፣ እኛ የምናየው የጠቆረውን ብቻ ነው።»

«እሱ አጥቁሮ አለፈ፤ ይቺ ሠርታ ወደቀች፤ ይህ ምን ዓይነት ልክ ነው?»

«መመሪያ ነው።»

መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት፤ ቀለሙ ተደፋ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ያ ቁጣ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። ሲ ቆንጆ ፊደል ናት ያለው ልጅ ተምሮ የቢሮ ሰው ሆነ። አንድ ጊዜ ቤቱን እኔ ጣሪያ አለበስኩለት፤ ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈጅ መገመት እንኳ አይችልም ነበር። ግምት ነው ያሳለፈው፣ መገመት አይችልም! ሳቅ እንጂ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

መስቀል ካለፈ በኋላ አባታችን እህቴን ቤሌ ዳሯት። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እንገናኛለን፤ ልጆቿን አይቻለሁ፣ ባሏን ቀብሬያለሁ። ስለዚያ ፈተና ግን አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። መምህሩ ጣውላ ቤት መጥተው ያሉኝን ደብቄ ይዤው አረጀሁ። ፈተና አውጪዎቹን ስሳደብ፣ መመሪያውን ስረግም፣ ያንን ሠራተኛ በስም ጠርቼ ስኮንን ሰው ሁሉ «አቤት ለእህቱ ያለው ፍቅር!» ይላል። እኔ ግን ማንን እንደምሰድብ አውቃለሁ።

የልጅ ልጄ ወረቀቱን ባሳየችኝ በማግስቱ በሚኒባስ ቤሌ ወረድኩ። እህቴን ቤቷ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስኳር ድንች ስትልጥ አገኘኋት። ልጣጩ ቀይ ነው፣ እግሯ ሥር ተከምሯል። ሰላምታ እንኳ ሳልጨርስ ቆሜ አፈረጥኩት። ፈተናው መቀየሩን፣ አሁን አሠራር ነጥብ እንዳለው ነገርኳት። ከዚያ ሌላውን ነገርኳት። መምህሩ እንደመጡ። እንደሳቅኩባቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዳልነገርኳት።

ቢላዋን አላቆመችም።

«ለእኔም ነግረውኝ ነበር» አለች።

«ማን?»

«መምህሩ ናቸዋ። ላንተ በነገሩ በማግስቱ፣ ክፍል ውስጥ አስቀርተው። አታረጋግጪ፣ ያልደረስሽበትን ገምቺ አሉኝ። እሺ ብያቸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልገመትሽም?»

የላጠችውን አጠገቧ ካለው የውሃ ሳፋ ውስጥ ጣለችና ሌላ አነሳች።

«እገምታለሁ ብዬ ነው የገባሁት። ደወሉ ሊደወል ሲል እርሳሱን ባዶዎቹ ላይ አድርጌ ነበር። ቀና ስል አንተ በመስኮቱ ትታያለህ። ዝናቡ ይወርድብሃል፤ ካፖርት እንኳ የለህም። ‹እንዴት ሠራሽው?› ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። እንዴት አድርጌ ልገምት፣ ታ ኢሻ?»

ስንት ዓመት ሙሉ ያከማቸሁትን ቁጣ የት እንደማደርገው አጣሁ። በመንገዱ አውቶቡስ አቧራ እያስነሳ አለፈ።

እሷ ልጣጩን በእግሯ ገፋ አድርጋ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«በል ተቀመጥ» አለች። «ያን ቀንም ቆመህ ነው የዋልከው።»