የሠላሳ ቀን ዝምታ

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ጥሩ ታይፒስት የምትጽፈውን አታነብም። ካነበበች ትዘገያለች፤ ትሳሳታለችም። ዓይን ፊደሉን ያነሳል፣ ጣት ያስቀምጠዋል፣ ትርጉሙ የአለቃ ነው። አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም የጻፍኩት እንዲህ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ስለሆንኩ እንግሊዝኛ አታውቅም አልባልም፤ ሥራዬ ግን ማወቄን አልጠየቀኝም። ጡረታ ስወጣም ልማዱ አብሮኝ ወጣ።

ቤተሰቤ ይህን አያውቅም። ከተወለድንበት ሰፈር ከማንኪራ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ እኔ ቤት ያርፋል፦ የመሬት ደብተር፣ የክትባት ካርድ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ። ቁም ሳጥኑ ላይ ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። «እሷ ጋ ነው» ከተባለ ነገሩ እንዳለቀ ይቆጠራል።

ታላቅ ወንድሜ ያን ወረቀት ያመጣው ዝናብ በበረታበት ሰሞን ነው። ዕድሜው ከሰባ አልፏል። ኑሮው ከአባታችን የወረሰው ጫካ ነው። በዛፎቹ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይበቅላል፤ ከቡናው ሥር ኮረሪማ አለ፤ ዛፎቹ ላይ ቀፎዎቹ ተሰቅለዋል። ሌላ መሬት የለውም። ወረቀቱን ከፕላስቲክ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ምንድን ነው?» አልኩት። እኔና እሱ የምንነጋገረው በእናት ቋንቋችን፣ በካፊኖኖ ነው።

«ሰዎች መጥተው ነበር። ከአንድ ድርጅት ነን አሉ። ሰበሰቡን፣ ጫካውን በአንድ ላይ እንያዘው ምናምን ብለው ተናገሩ፣ ለየራሳችን አንዳንድ ወረቀት ሰጡን፣ ሄዱ።»

«ምን አላችኋቸው?»

«ምን እንላለን? ዝም አልናቸው።» ሳቀ። «ዛፉን ሁሉ ቆጥረው ነው የሄዱት። ቆጣሪ ሁሉ ባለቤት ቢሆን ጦጣ ስንት ጫካ በኖራት!»

እኔም ሳቅኩ። ባደግንበት ሰፈር፣ ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ነውር ነው። የማይሆን ነገር ሲጠየቅ ከተሰበሰቡት በዕድሜ የሚበልጡት መሬት መሬት ያያሉ። እሳቸው ዝም ካሉ ሌላውም ዝም ይላል። አስተዋይ እንግዳ ነገሩ ይገባዋል፤ የቀረበለትን ቀምሶ፣ አመስግኖ ይሄዳል። እኔን ልጅ ሳለሁ ለጋብቻ የጠየቁ ሰዎች የተመለሱት በዚህ ዓይነት ነው። ስለዚህ «ዝም አልናቸው» ሲለኝ የሰማሁት «እምቢ አልናቸው» የሚል ነው። ወረቀቱን ሳልገልጠው ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት።

ከጓሮ ያለችውን ክፍል ያከራየሁት ለአንድ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ጨዋ ሰው ነው። ክፍሉ ስለሚጨልምበት ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ለተማሪዎቹ ጥያቄ ያዘጋጃል። እኔም ሥራ ስፈታ አንድ ቃል እንዲሰጠኝ እጠይቀዋለሁ፤ በደብተር ዐረፍተ ነገር እሠራበታለሁ፤ እሱ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል።

«እትዬ፣ እርስዎ ከተማሪዎቼ ይሻላሉ» ይለኛል።

«ተማሪዎችህ እንዲህ ወድቀዋል?» እለዋለሁ።

የዚያ ቅዳሜ ቃል «ኮንስትሩ» ነበር።

«መተርጎም ማለት ነው» አለኝ። «ግን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ አይደለም። ሰው ያደረገውን ወይም የተናገረውን ‹እንዲህ ማለቱ ነው› ብሎ መውሰድ ነው። የሕግና የደብዳቤ ቃል ስለሆነ ገበያ ላይ አይሰሙትም። አብዛኛውን ጊዜ ‹ተተረጎመ› በሚለው መልኩ ይመጣል፤ ከኋላው ‹አዝ›፣ ‹እንደ› ማለት ነው፣ ይከተለዋል።»

መጀመሪያ የጻፍኩት፣ ደብዳቤውን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ኮንስትሩ አደረግሁት የሚል ነበር። በቀይ ሰረዘው። «ለሱማ ‹ትራንስሌት› አለልዎ።» ቀጥዬ፣ የሰውየው ማርፈድ እንደ ንቀት ተተረጎመ ብዬ ጻፍኩ። ራይት አደረገልኝ። ከዚያ አንድ ምሳሌ ከራሱ ጨመረ፦ ዝምታው እንደ ስምምነት ይተረጎማል።

«ይቺ በውል ላይ የተለመደች ናት» አለ።

ቃሏን ጣቶቼ ያውቋታል። ስንት ጊዜ መትቻታለሁ!

«ማን ነው እንደዚያ የሚተረጉመው?» አልኩት።

«ወረቀቱን የጻፈው ነዋ፣ እትዬ!»

እሱ ሳቀ። እኔ ተነስቼ ቆርቆሮውን አወረድኩ።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ነው። ቃሏ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ አለች። ይህ ወረቀት የደረሰው ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ፣ ወረቀቱ በተጻፈበት ቋንቋ፣ መቃወሚያውን በጽሑፍ ካላቀረበ ዝምታው በጫካው የመጠቀም መብቱን ለማስተላለፍ እንደ መስማማት ይተረጎማል ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከላይ ካለው ቀን ጀምሬ ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት ቀን ሆኖታል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛውን ያሳለፈው በእኔ ቤት፣ በእኔ ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

ለመምህሩ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አግዳሚው ላይ በፊቱ ደፋውና ወደ አጥር በሩ ተመለከተ።

«ከየት አመጡት?»

«የወንድሜ ነው።»

«እኔ አላየሁትም፣ እትዬ።»

«አሁን አንብበኸው?»

«አላየሁትም። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ እዚህ ዘመድ የለኝም። አንድ ጓደኛችን ለገበሬዎች ማመልከቻ ጻፍክ ተብሎ ተጠርቶ ነበር።»

«ምን አደረጉት?»

«ተመልሷል። ምን እንዳሉት ግን አይናገርም።» ደብተሬን ገፋ አደረገልኝ። «ዐረፍተ ነገር ከሠሩ ግን አርማለሁ። መልመጃ ነው።»

ጻፍኩ። በስብሰባው ላይ ዝም ማለታችን እንደ ስምምነት ሊተረጎም አይገባም የሚለውን ስጽፍ «አዝ»ን ረሳሁ። እሱ ከመስመሩ በላይ ጨመረልኝ። ከዚያ የጫካውን ድንበር፣ ከዚያ ከአባታችን መወረሱን፣ እንዲህ እያልን ሰባት ዐረፍተ ነገር ሆነ። እሱም አንድ ጊዜ እንኳ «ደብዳቤው» አላለም። ሲጨርስ ከሥር «ዘጠኝ ከአሥር» ብሎ ጽፎ ፈረመ፤ ወዲያው ፊርማውን አይቶ ደነገጠና ያችን የገጹን ጫፍ ቀዶ ኪሱ ከተታት።

ሰኞ ጠዋት አንዲት ኮምፒውተር ቤት አስጻፍኩት። ልጅቷ ፈጣን ናት። አንዲትም ቃል ሳታነብ ጨርሳ ሰጠችኝ።

በባጃጅ መንገዱ እስከሚያልቅበት ሄድኩና ቀሪውን በእግሬ ገባሁ። ጭቃው ጫማዬን ይይዝብኛል። ወደ ወንድሜ የሚወስደው የእግር መንገድ በሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ ጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ዛፎቹ ላይ በሰው ደረት ልክ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ዝናብ ስለመታው ቀለሙ ወደ ታች ወርዷል። ላይ ቀፎ፣ ታች ቁጥር። አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ልቆጥር ጀመርኩና ተውኩት።

ወንድሜ ደጁ ላይ ቀፎ ሲጠግን አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ዝም ማለታችሁን ‹እሺ ብለዋል› ብሎ ይወስደዋል።»

«ማን?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀት አልነበረም እኮ የጠየቀን። ሰዎች ናቸው። ፊታችንን አይተው ነው የሄዱት።»

«ፊታችሁን አልጻፉትም።»

የያዘውን ሐረግ አስቀመጠ። ስንት ቀን እንደቀረ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ይህ ጫካ የእሱ እንደማይሆን፣ ቀፎውንም ለማውረድ ሰው ማስፈቀድ እንደሚኖርበት ነገርኩት። ሐረጉን መልሶ አነሳ።

«ሽማግሌው ሳይናገሩ እኔ እምቢ ብዬ ልፈርም? ከሳቸው ቀድሜ?»

«እሳቸውም ይፈርሙ። ሁላችሁም ፈርሙ። ‹የእኛ ዝምታ› ብዬ ነው ያስጻፍኩት።»

«‹የእኛ› ይላል?»

«አዎ።»

«ሰርዢው። የሰው አፍ ሆኜ አላውቅም። ‹የኔ› በይ።»

ሰባት ቦታ ሰረዝኩ። በእያንዳንዱ ላይ በእጄ ጻፍኩበት። እሱ በመሠረተ ትምህርት ዘመን በተማረው ፊደል ስሙን አንድ በአንድ፣ እንደ ሚስማር እየተከለ ፈረመ።

«ለሽማግሌው እኔ ልንገራቸው» አልኩት። «በራቸው ላይ ነው የማልፈው።»

«ምን ብለሽ? ዝምታዎ አልሠራም ብለሽ? በዚህ ዕድሜያቸው ሴት መጥታ ልታርማቸው?»

«ጫካቸው ይሄዳላ!»

«ይልቅ ሂጂ፣ ዝናቡ ሳይዝሽ።»

ሄድኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ተቀምጠው ነበር። ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። ጤናዬን ጠየቁኝ። ደህና ነኝ አልኩ። ከተማው እንዴት ነው አሉኝ። ደህና ነው አልኩ። ወረቀቱ በብብቴ ሥር ነበር።

ማክሰኞ፣ በሃያ ዘጠነኛው ቀን፣ ወረቀቱ ላይ በተጠቀሰው ቢሮ መዝገብ ቤት አስገባሁ። የተቀበለችኝ ወጣት ወረቀቱን ገለበጠችው።

«ይሄ ብቻ ነው እማማ? የሌሎቹስ?»

«ይሄ ብቻ ነው።»

«‹የእኛ› የሚለው ለምን ተሰረዘ?»

መልስ ሳልሰጥ ከኋላዋ ተቀምጦ የነበረ ሰው ተነስቶ መጣ። ቆሞ አነበበው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«እኔ።»

ከጫማዬ እስከ ነጠላዬ አየኝ። «ጥሩ እንግሊዝኛ ነው» አለ። ወጣቷ ማኅተሙን መታች፤ ቅጂውን ሰጠችኝ። ወደ ቤቴ ስሄድ ሁለት ጊዜ ወደኋላ ዞሬ አየሁ። ማንም አልተከተለኝም። መምህሩ በዚያው ወር መጨረሻ ሌላ ቤት ተከራየ፤ ክፍሏ ጨለመችብኝ አለ።

የወንድሜ ዛፎች ላይ የነበረው ቁጥር በጥቁር ቀለም ተሰረዘ። ይህን የነገረኝ በስልክ ነው። ደስ ያለው አይመስልም ነበር። በዙሪያው ያሉት ዛፎች ላይ ቁጥሩ እንዳለ ነው አለኝ።

በሠላሳው ቀን ላይ ሌላ አሥራ ሁለት ቀን ከተጨመረ በኋላ ሽማግሌው ቤቴ መጡ። በዕድሜዬ ቤቴ መጥተው አያውቁም። በትራቸውን ከበሩ አጠገብ አቆሙና ተቀመጡ። ከኮታቸው ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። የትኛው ወረቀት እንደሆነ ከእጥፋቱ አወቅሁት።

«አንብቢልኝ» አሉ።

ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ ወደ ካፊኖኖ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከታች ሦስተኛው አንቀጽ ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ቀጥዪ።»

አነበብኩት።

«ዝም ያለ ሰው እሺ ብሏል ነው የሚለው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ስንት ቀን ይሰጣል?»

«ሠላሳ።»

በገበያ ቀን እየቆጠሩ ጣታቸውን አጠፉ። አንዱን እጅ ጨርሰው ወደ ሌላው ሲሻገሩ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱት።

«ወንድምሽ ጽፏል አሉ።»

«ጽፏል።»

«አንቺ ነሽ የጻፍሽለት።»

«አዎ፣ አባቴ።»

«በደጄ ያለፍሽ ዕለት?»

«አዎ።»

ያቀረብኩላቸው ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዞ ነበር። ወረቀቱን በነበረው እጥፋት አጠፉት፤ ፕላስቲኩን ጠቀለሉበት። ገና እንጠይቃለን፣ ይግባኝ ይኖራል፣ እኔ እጽፍልዎታለሁ አልኩ። ይግባኝ መኖሩን አላውቅም። እሳቸውም እንደማላውቅ ያወቁ መሰለኝ። ባጃጅ የት እንደሚገኝ ጠየቁኝ።

እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው። ባጃጁ ውስጥ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አድርገው ከተቀመጡ በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ወንድምሽን፣ በኔ ጫካ ማለፍ ሲፈልግ ከእንግዲህ እኔን እንዳይጠይቀኝ በይው» አሉ። «ማንን እንደሚጠይቅ እኔም አላውቅም።»