ሴትዮዋ ያወጣችለት ስም

ልጄን ሬኔ ብላ ያስመዘገበችው አሠሪዬ ናት። እኔ ገና ከሆስፒታል አልጋ አልወረድኩም ነበር። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት የምትል ጡረተኛ የፈረንሳይኛ አስተማሪ ነበረች። ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር፤ አሁን ስለ እሷ ሳወራ ግን አንቺም ይበዛባታል።

ሮም የገባሁት ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው። ባሌን ደርግ ካሰረው ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር። በባሌ ቤተሰብ ወግ ለበኩር ልጅ ስም የምታወጣው የአባት እናት ናት፤ ስለዚህ ለአማቴ ጻፍኩና መልሷ እስኪመጣ ይጠብቁልኝ ብዬ አሠሪዬን ለመንኩ። እሷ ግን የምዝገባው ቀን ያልፋል ብላ ወደ ኮሙኔ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሮጠች።

ትርጉሙን ስታስረዳኝ ዓይኗ እንባ አቀረረ። በፈረንሳይኛ ዳግም የተወለደ ማለት ነው አለች። በልቦለድ ውስጥ እንዲህ የሚባል ወንድ ሲመጣ ገና ከስሙ ይታወቃል፤ ገርጣ ያለ፣ ዝምተኛ፣ መስኮት ሥር ቆሞ የሚተክዝ፣ ሴቶች የሚያዝኑለት ነው አለችኝ። እኔ የምፈልገው ጠብቶ የሚያድግ ልጅ እንጂ የሚተክዝ አልነበረም። በሸቅሁ።

«ዳግም የሚወለደው መጀመሪያ የሞተ ነው። በእኛ ቤት ማን ሞተ?» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እሷ ሬኔ ስትለው እኔ ማሙሽ እያልኩ፣ ድስቷን እያጋጨሁ ስጠላት ከረምኩ።

ለክርስትናው ጥቂት ቀን ሲቀር የአማቴ ደብዳቤ በፖስታ ደረሰ። ተከፍቶ መልሶ የታሸገ ነበር። ሁላችንም ደህና ነን፣ ዝናቡም ጥሩ ነው ይላል። መጨረሻው ላይ፣ ልጁን ምትኩ በዪው ይላል።

ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ምትኩ፣ ሰው በሞተበት ቤት በሟቹ ምትክ ለተወለደ ልጅ የሚወጣ ስም ነው። አማቴ ደግሞ ከባሌ ሌላ ልጅ የላትም። ደብዳቤ ለሚከፍቱት የደርግ ሰዎች ሳትናገር ለእኔ ነገረችኝ።

ሴትዮዋ ምን መጣ ብላ ጠየቀችኝ። አያቱ ስም ልካለች አልኳት። ፊቴን አይታ ፈራች መሰለኝ፣ «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እንቀይረዋለን» አለች።

«አይቀየር» አልኳት።

ምትኩ ብዬ በጠራሁት ቁጥር ባሌን መቅበር አልችልም። ሬኔም የሚለው ያንኑ ነው፤ ግን አፍ በፈታሁበት ቋንቋ ስላልሆነ ያስችለኛል። ሴትዮዋን ይቅር አላልኳትም። ልጄን ግን እስከ ዛሬ የምጠራው እሷ ባወጣችለት ስም ነው።