የሐረገወይን ቀኖና

ሐረገወይን ሥጋውን የበላችው በ1930 ዓ.ም.፣ በሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ ነው።

ባሏ ንጉሤ አርበኛ ሆኖ ጫካ ከገባ ወዲህ ከሸዋ ሮቢት በታች ባለች መንደር የአራት ወር ልጇን እመቤትን ታቅፋ ብቻዋን ትኖር ነበር። አንድ ባንዳ ጠቆመባትና ጣሊያኖች መጥተው ቤቷንም የማሽላ ጎተራዋንም አቃጠሉት። ልጇን አዝላ ወደ ራቢዓ ሸሸች። ራቢዓ፣ ሐረገወይን ገበያ ላይ ከእሷ ጥጥ ስትገዛ የተዋወቀቻት የእስላም ሴት ናት።

ራቢዓ ቤትም እህል አልነበረም። የቀረቻቸው አንዲት ፍየል ነበረች፤ ባሏ አብዱረዛቅ አረዳት። እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይቀምስም፤ ያውም በሁዳዴ። ሐረገወይን ሁለት ቀን ውሃ ብቻ ጠጥታ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ጡቷ ነጠፈ። ልጅቷ ማልቀስ እንኳ አቃታት።

«ሐረጌ» አለቻት ራቢዓ፣ «ወላሂ ሃይማኖትሽን ላስጥልሽ ብዬ አይደለም። ይቺ ልጅ ግን ለነገ አትደርስም።»

እያለቀሰች በላች። ወተቷም ተመለሰ።

ማንም ሳይጠይቃት ራሷ ሄዳ ለንስሐ አባቷ ለቄስ ደምሴ ተናዘዘች። ቄስ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሕግ ሲነካ ግን አይወዱም።

«ሰባት ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አትገቢም። በየቀኑ መቶ ስግደት ትሰግጃለሽ።»

«ልጄ ልትሞትብኝ ነበር እኮ፣ አባቴ።»

«ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ ልጄ።»

በዚያው ክረምት ንጉሤ ተገደለ። ጓደኞቹ ሬሳውን ተሸክመው አመጡት። ሲቀበር ሐረገወይን ከቅጽሩ ውጭ ቆማ የፍትሐቱን ድምፅ ብቻ ሰማች። አፈር ሲለብስ አላየችም።

ቀን ቀን ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ ትሸከማለች፤ ጧት ጧት ትሰግዳለች። ጉልበቷ ቆሰለ። አንዳንድ ቀን ስልሳ ላይ ትወድቃለች። የጎደለውን ለነገ ታሳድራለች፤ ነገም ይጎድላል።

በዓመቱ ቄስ ደምሴ አርበኞችን ይባርካሉ ተብለው ታሰሩ። ስምንት ወር ቆይተው ሲፈቱ ጥርሳቸው ረግፎ፣ ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ተጣብቆ ነበር። ሐረገወይንን አስጠሯት።

«እስር ቤት በጾም ቀን ሥጋ ሰጡን» አሏት። «በላሁ። አንቺስ ለልጅሽ ነው። እኔ ለሆዴ ነው።»

ቀና ብላ አየቻቸው።

«ላንቺ የሰጠሁትን ቀኖና ለራሴ ሰጠሁት። ሰገድኩ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ያን ጊዜ በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ትዝ አለኝ። እሱ ስንት ቀን ጾመ? እጁ ተቸንክሮ እንዴት አድርጎ ይስገድ? ‹አስበኝ› ነው ያለው። አመነ፣ ገነት ገባ። የሚያቀርበው ሌላ ምንም አልነበረውም። እኛም የለንም፣ ልጄ። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

ሐረገወይን ደስ አላላትም። ተቆጣች።

«ንጉሤን ሲቀብሩትስ? ያን ቀን ይህንን የት ጥለውት ነበር?»

ቄሱ አለቀሱ። «አላውቀውም ነበር» አሏት። «ዕድሜዬን ሙሉ ስሰብከው ኖሬ፣ አላውቀውም ነበር።»

ይቅር ሳትላቸው ወጣች። በወሩ ሞቱ።

ስለ ወንበዴው ያሉትን ለሌላም ሰው ተናግረውት ስለነበር ሌሎቹ ካህናት «እስር ቤት አእምሯቸውን ነክቷቸዋል» ብለው ፍትሐቱን አቻኮሉት። ቀባሪውም ትንሽ ነበር። ሐረገወይን በቅጽሩ በር ስትገባ አንድ ሽማግሌ ከለከላት።

«አንቺ፣ ገና ዓመታት ይቀሩሻል!»

«ፈትተውኛል» አለች።

«ማን ምስክር አለሽ?»

ወደ ጉድጓዱ አሳየችው። ከዚያም አልፋው ሄዳ እፍኝ አፈር ጣለችባቸው።

በሚቀጥለው እሑድ መጥታ በሴቶች በኩል ቆመች። አጠገቧ የነበሩት ነጠላቸውን ሰብስበው ከእሷ ራቅ አሉ፤ ዙሪያዋ ባዶ ቀረ። በሌላውም እሑድ እንደዚያው። ከልቧ የቀኖናው ፍርሃት ፈጽሞ አልወጣም ነበር፤ አንዳንድ ጧት ሳታስበው የስግደቱን ቁጥር ትጀምርና መሐል ላይ ታቋርጠዋለች። እመቤት አድጋ እጇን ይዛ አብራት መቆም እስክትጀምር ድረስ በዚያ ባዶ ቦታ ብቻዋን ቆመች።