ለእናቴ የገዛሁት ቤት

ከአገሬ የወጣሁ ማታ እናቴ አላለቀሱም። ከጅጋ ቁልቁል የአንድ ሰዓት መንገድ ካለችው ቤታችን ደጃፍ ቆመው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ "በል ሂድ፤ እግዜር ይከተልህ። ብርዱ ሳይመታህ ጅጋ ግባ" አሉኝ። ዝናብ ያካፋ ነበር። የቤታችን ክዳን ሣር ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ጎን ስላረጀ ውኃው ዘልቆ መደቡ ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል ከደጅ ሆኜ ይሰማኛል። ሰው አገሩን የሚለቀው ሀብት ፍለጋ ነው ይባላል፤ እኔን ያስወጣኝ ግን ያ ጠብታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጅጋ አድሬ በማግሥቱ ወደ ባሕር ዳር በሚያልፍ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ፍኖተ ሰላምን፣ ቀጥሎም ቡሬን በመስኮት እያየሁ ሳልፍ "ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት" እያልሁ ለራሴ ቃል እገባ ነበር። ይኸው አምስተኛ ዓመቴ ነው።

መምህር ነኝና ነገር በቅደም ተከተል ካልሄደ አይጥመኝም፤ ስለዚህ ምክንያቱን አስቀድሜ ላስረዳ። በአካባቢያችን ትምህርት ቤት አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። አባቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ እኅቴ ቡሬ አግብታ ወጥታለች። እናቴ ከሦስት በጎች ጋር ብቻቸውን ናቸው። በአንድ ክረምት ከምንጭ ሲመለሱ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪደርስላቸው ጭቃው ላይ ተኝተው ቆዩ። ያን ቀን ወሰንሁ፦ እናቴ ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ ቧንቧ ከግቢው ባለበት ቤት መኖር አለባቸው። በመምህር ደመወዝ ቤት እንደማይገዛ ለማወቅ ደግሞ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። ካርቱም ያለ የኮሌጅ ጓደኛዬ "ና፣ ሥራ አለ" አለኝ፤ ፓስፖርት አውጥቼ፣ ቪዛ አስመትቼ ተነሣሁ።

መተማ ስደርስ አየሩ ከዳቦ መጋገሪያ አፍ እንደሚወጣ ነበር። "በአካባቢያችን ሞቃት ቦታ ብር ሸለቆ ነው" ብዬ ያስተማርኋቸው ተማሪዎች ይቅር ይበሉኝ፤ ሙቀት ምን እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። ድንበሩን ተሻግረን ጋላባት ላይ አንድ መኰንን ፓስፖርቴን እያገላበጠ ጠየቀኝ፤ አብሮኝ የተሳፈረ መንገደኛ አስተረጐመልኝ።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"መምህር።"

"የምን መምህር?"

"የሒሳብ።"

ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ "ስማ! ሐበሻው ሒሳብ ሊያስተምረን መጣ" አለና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ጻፈ። ካርቱም ገብቼ የሚያነብልኝ ሳገኝ "ጠባኽ" ይላል፣ ወጥ ሠሪ ማለት ነው። እኔ ሽንኩርት መላጥ እንኳ በቅጡ አልችልም ነበር። ሰውዬው ግን ነቢይ ሳይሆን አይቀርም፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላኝ ከአንድ ምግብ ቤት ጓሮ ተቀምጬ ሽንኩርት ስከትፍ ራሴን አገኘሁት።

ቤት መከራየት እዚህ አገር በሲምሳር ነው። ሲምሳር ማለት የእኛው ደላላ ነው። የእኔው ከድንበሩ አቅራቢያ ገዳሪፍ ከተማ ያደገ፣ አማርኛ የሚችል ሰው ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል "ውኃ አለው" ብሎ አከራየኝ፤ ውኃው ግን ጎረቤት ቤት ነበር። ሁለተኛውን ሊያሳየኝ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ዘንድ ወሰደኝ። ሐጂው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ዐዛባ ነህ?" አሉ። ዐዛባ ወንደላጤ ማለት ነው፤ በዚህ ከተማ ለወንደላጤ ቤት ማከራየት እንደ ነውር ይቆጠራል። "ቤቴ ለቤተሰብ ብቻ ነው።"

"ቤተሰብ አለኝ" አልሁ።

"የት ነው ያሉ?"

"ጅጋ።"

ሐጂው አሰቡ። "ጅጋ የት ነው? ከወንዙ ማዶ፣ ኦምዱርማን ነው?"

ሲምሳሩ ፈጠን ብሎ፣ "ከዚያ ትንሽ አለፍ ይላል፣ ሐጂ" አላቸው። ሳቄን ዋጥሁት። "ቤተሰብህ እስኪመጣ" ብለው የጣሪያውን ክፍል ሰጡኝ። እኔም "ይመጣሉ" አልሁ። ውሸቴን እንደ ነበር ሐጂውም የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ግን በየወሩ መጨረሻ ደረጃውን ወጥተው "መጡ?" ይሉኛል፣ እኔም "በመንገድ ናቸው" እላለሁ።

የሱዳን ሰው ደግ ነው፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ነው። ሰላምታቸው ረጅም ስለሆነ ጎጃሜዎች ይመስሉኛል፦ ጤናህን፣ ሥራህን፣ ያላዩትን ቤተሰብህን ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቀው ካልጨረሱ እጅህን አይለቁም። እንጀራቸው ኪስራ ይባላል፤ ከሩቅ ሲያዩት ልብ ያሞቃል፣ ቀርበው ሲበሉት ወረቀት ነው። ዝናብ በሚያስፈልግበት ሰዓት ሀቡብ ይመጣል፦ ሰማዩ ይጠቁርና "እሰይ፣ ሊዘንብ ነው" ስትል የሚወርድብህ አቧራ ነው። እንዲህ ያለ ቀን መስኮቴን በእርጥብ ጨርቅ ዘግቼ እቀመጣለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ስሜን የሚጠራኝ የለም፤ ምግብ ቤቱም "ያ ሐበሻ" ነው የሚለኝ። አንድ ቀን ዝም ብዬ ስሜን ከፍ አድርጌ ጠራሁት፣ እንደ ስም መጥሪያ ሰዓት። "አቤት" የሚል ባለመኖሩ እኔው አልሁ።

ቤቱን ለመግዛት በተዘጋጀሁ ጊዜ ባለ ካሬ ደብተር አውጥቼ መሟላት ያለበትን ሁሉ ጻፍሁ። ቧንቧው ከግቢ ውስጥ ይሁን። መብራት ይኑረው። ከጤና ጣቢያው እናቴ በመንገድ ቁጭ ሳይሉ የሚደርሱበት ርቀት ይሁን። ካርታው በሻጩ ስም የወጣ፣ እግድ የሌለበት መሆኑ ማዘጋጃ ቤት ይጣራ። ከመጨረሻው ላይ "ደላላ አይግባበት" ብዬ ሁለት ጊዜ አሰመርሁ፤ ሲምሳሩ አስተምሮኛልና። ከኤምባሲ ውክልና አስጽፌ፣ አብሮኝ ያስተምር ለነበረውና አሁን ፍኖተ ሰላም ለተዛወረው ለመምህር ይበልጣል ላክሁለት።

ይበልጣል ታማኝ ነው። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ከተማውን በእግሩ እያሰሰ፣ ባሕር ዳር ልጆቻቸው ዘንድ ሊገቡ የሚሸጡ የአንድ ጡረተኛ የጤና ረዳት ቤት አገኘ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ውል ተጻፈ፣ ሦስት ምስክር ፈረመ፣ ስሙ ዞረ። ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር የሚውሉት የከተማው ዋና ደላላ አያ ስማቸው ወሬውን ሰምተው ይበልጣልን በመንገድ ጠሩት አሉ።

"መምህር፣ ያለ እኛ ገዛችሁ አሉ?"

"አዎ፣ አያ ስማቸው።"

"ይሁና፣ ያጽናላችሁ። ያለ አዋላጅ የሚወልድም አለ።"

ይበልጣል ይህን በስልክ ሲነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን።

እናቴ ግንቦት ላይ ገቡ። ባለ ባትሪ መብራት ስልክ ልኬላቸው ስለነበር በየቅዳሜው እደውላለሁ። "ቧንቧው እንዴት ነው?" ስል "ጥሩ ነው።" "ቆርቆሮውስ?" "ጥሩ ነው።" "መብራቱስ?" "እሱም ጥሩ ነው፤ ሌቱን ቀን አስመሰለው።" ያን ሰሞን ሽንኩርቱ እንኳ አላቃጠለኝም። በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሥራ በትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ይበልጣል ደወለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "እናትህ ወደ ገጠር ተመልሰዋል" አለ። "ለምን?" ስለው ስልኩን ለባለቤቱ ለእታገኝ ሰጣት። የሆነውን የነገረችኝ እርሷ ናት።

ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ አገር ሰንበቴ አለ፦ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ በየተራ ዳቦና ጠላ ይዘው መጥተው ከደጀ ሰላሙ አብረው ይቀምሳሉ። ካህኑ ይመርቃል፤ ከዚያው ላይ ለነዳያንም ይታደላል። እናቴ በደብራቸው ሰንበቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረዋል። ፍኖተ ሰላም በገቡ በመጀመሪያው እሑድ አስቀድሰው ሲጨርሱ፣ እግራቸው እንደ ልማዱ ወደ ደጀ ሰላሙ ወሰዳቸው። ደርሰው ማኅበርተኛ እንዳልሆኑ ትዝ ሲላቸው ከግንቡ ሥር ቁጭ አሉ። አንዲት ወጣት ዳቦ እያደለች መጣች። የሚያውቃቸው የለም፤ ነጠላቸው የገጠር ነው፤ የተቀመጡትም ከነዳያኑ መደዳ ነው። "እንኩ፣ እማማ፣ ስለ እመቤቴ" ብላ ቁራሽ ዘረጋችላቸው። እናቴ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

"አልተቆጡም፣ አልተናገሩም" አለችኝ እታገኝ። "ዳቦውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውት መጡ። አልበሉትም። ከእኔ ቤት ተቀምጠው፣ 'እታገኝ፣ የኔን ተራ ዘንድሮ ማን ያወጣዋል?' ሲሉ ብቻ ሰማኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ዕቃቸውን ቋጠሩ።"

ደብተሬን አውጥቼ አየሁት። ውኃ፣ መብራት፣ ርቀት፣ ካርታ፣ ሁሉም አለ። እናቴ እሑድን ከማን ጋር እንደሚውሉ የሚል ግን የለም።

ስደውልላቸው ስለ ዳቦው አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም አልደፈርሁም።

"እማዬ፣ ምነው ተመለሱ?"

"በጎቹ ለጎረቤት አልገራ ብለው ነው፣ ልጄ።"

"ይሽጧቸዋ።"

"እሱስ እውነትህ ነው" አሉ። የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ እናት "እውነትህ ነው" ካለች ነገሩ አበቃ ማለት ነው። በጎቹ አልተሸጡም።

ቤቱ ተዘግቶ ዓመት አለፈው። በቀደም ዕለት የማላውቀው ቁጥር ደወለ፤ አያ ስማቸው ናቸው።

"መምህር፣ እንደምን ሰነበትህ? ሰው የሌለበት ቤት አይጥ ይወርሰዋል፤ ገዢ አግኝቼልሃለሁ። የቡሬ ነጋዴ ነው፣ ጨዋ ሰው። እስከ ሰኞ እሺ ወይ እምቢ በለኝ።"

"አያ ስማቸው፣ ያኔ እርስዎን ስላላማከርን ቅር እንዳልዎት ሰምቻለሁ።"

"ቅር ብሎኝስ ነበር። አሁን ግን አዘንሁልህ። ብታማክረኝ ኖሮ አንድ ነገር እጠይቅህ ነበር።"

"ምን?"

"'የሚገቡበት ሴትዮ የየት ደብር ሰው ናቸው?' እልህ ነበር። ደላላ ቤት ያሳያል ትላላችሁ፤ ቤቱንማ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። የኛ ሥራ ሰውዬውን ማየት ነው። ደብራቸውን ብትነግረኝ 'ተው፣ እዚያው ቆርቆሮ አልብስላቸው' ብዬ እመልስህ ነበር።"

እኔ ስንት ዓመት ተምሬ፣ ስንት ዓመት አስተምሬ ያልጠየቅሁትን ዛፍ ሥር የሚውሉ ሰው በአንድ ቃል ጠየቁት። ቅዳሜ እናቴን ላማክርና ልሽጠው ብዬ ቆረጥሁ። የገጠሩን ክዳን ቆርቆሮ አደርገዋለሁ፤ ጠብታው ይቆማል፤ ነገሩ ያልቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት ደወልሁ። "ሃሎ" ሲሉ ድምፃቸው ባዶ ክፍል ውስጥ እንደሚናገር ሰው ያስተጋባል።

"እማዬ፣ የት ነዎት? ድምፅዎ ተለየብኝ።"

"ከቤትህ ነኝ።"

"ከየትኛው ቤት?"

"ከፍኖተ ሰላሙ ነዋ! ገበያ በመጣሁ ቁጥር ጎራ እላለሁ። ቁልፉን ከእታገኝ እቀበልና መስኮቱን ከፍቼ ትንሽ እሳት አነድበታለሁ። ጭስ ያልወጣው ቤት ባለቤቱ የሞተ ይመስላል፤ ሟርት ነው። አንተ እኮ ደኅና ነህ።"

"እማዬ፣ ቤቱን ልሸጠው ነው። ገዢ መጥቷል። የእርስዎን ቤት ቆርቆሮ እናለብሰዋለን።"

እንጨት ሲሰነጠቅ ተሰማኝ፣ ከዚያ እሳቱን እፍ ሲሉ።

"ይሸጥ ካልህ ይሸጥ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ታዲያ ስትመጣ የት ልታርፍ ነው?"

"ከእርስዎ ጋር ነዋ!"

"ኧረ ተው! ሰው አገር የኖረ ሰው የገጠር ቁንጫ አይችልም አሉኝ። እኔማ ቤቱን የገዛኸው ለመምጫህ መስሎኝ፣ ዛሬ ጠፍር አልጋ ከገበያ አሸክሜ አስገባሁልህ። ራስጌውን ወደ ምሥራቅ አድርጌዋለሁ። ቢጠብህ ግን ንገረኝ፤ ቁመትህን ረስቼው በግምት ነው የገዛሁት።"

ከዚያ የስልኬ ካርድ አለቀ።

ሰኞ ጠዋት አያ ስማቸው ደወሉ። እሺ ብል፣ አልመለስም ማለቴ ነው። እምቢ ብል፣ መቼ እንደምመለስ ማወቅ አለብኝ። ስልኩ መዳፌ ላይ ጠራ፣ ጠራ፣ ዝም አለ።